በማረሚያ ቤት የጽሑፍና የዕርቅ ፍትሕ ትምህርት አሰጣጥ፦ በድሬዳዋና በሐረር ለሚሠሩ አስተማሪዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በድሬዳዋ ወይም በሐረር ለሕግ ታራሚዎች፣ ወይም ቅጣታቸውን ጨርሰው ወደ ሰፈራቸው ለተመለሱ ሰዎች፣ ጽሑፍንና የዕርቅ ፍትሕን አጣምሮ ለማስተማር ላሰበ መምህር፣ የበጎ ፈቃድ ሠራተኛ ወይም የማረሚያ ቤት የትምህርት ባለሙያ ነው። የዕርቅ ፍትሕ ስል የሕግ ባለሙያዎች «ተሐድሷዊ ፍትሕ» የሚሉትን ማለቴ ነው፤ ይኸውም «የትኛው ሕግ ተጣሰ? ማን ጣሰው? ምን ይቀጣ?» ከሚለው የፍርድ ቤት ጥያቄ ጎን «ማን ተጎዳ? የተጎዳው ሰው ምን ያስፈልገዋል? ያንን የማሟላት ግዴታ ያለበትስ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አካሄድ ነው። የዘመናዊው አሠራር መነሻ ተደርጎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ግዛት፣ ኤልማይራ በምትባል ትንሽ ከተማ የተፈጸመው ነው። ሁለት ወጣቶች በ22 ቤቶችና ንብረቶች ላይ ጉዳት ካደረሱ በኋላ በዳኛ ትእዛዝ የተጎጂዎቹን በር እያንኳኩ ፊት ለፊት ተነጋገሩ፤ ካሳም ከፈሉ።

በድሬዳዋና በሐረር ለምንኖር ሰዎች ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። የኦሮሞው ጉማ፣ የሶማሌው ሄር፣ የአማራው ሽምግልና ሁሉም ደም ማድረቅን፣ ካሳንና አብሮ መኖርን የሚያስቀድሙ ሥርዓቶች ናቸው፤ የኢሳ ሶማሌዎች የቃል ሕግ የሆነው ሄር ኢሴ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ሥርዓቶች አፈጻጸም ላይ አንድ ነገር ሲጎድል አያለሁ። ካሳው የሚዋጣው በጎሳ ወይም በዘመድ ነው፤ የሚናገሩት ሽማግሌዎች ናቸው፤ አጥፊው አንገቱን ደፍቶ ይቆማል እንጂ ያደረገውን በገዛ አንደበቱ ዘርዝሮ የሚናገርበት ቦታ ብዙ ጊዜ የለውም። ተጎጂውም «ሽማግሌ መጥቶ እንቢ አይባልም» ተብሎ ልቡ ሳይፈቅድ ይቅር የሚልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የጽሑፍ ትምህርት የሚገባው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ወረቀት ላይ ሽማግሌ አይወክልም፣ ጎሳም አያዋጣም፤ ጸሐፊው ያደረገውን የሚያስቀምጠው ራሱ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያተኩረው ይህ እንዴት ሰው ሳይጎዳ ሊሠራ እንደሚችል ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ከአስተዳደሩ ጋር በጽሑፍ መስማማት

ለማረሚያ ቤቱ አስተዳደር አንድ ገጽ ተኩል የማይበልጥ የትምህርት ዕቅድ ያቅርቡ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ያጸደቀው የእስረኞች አያያዝ ዝቅተኛ ደንብ፣ በተለምዶ የማንዴላ ደንቦች የሚባለው፣ በደንብ ቁጥር 104 ሊጠቀሙበት ለሚችሉ እስረኞች ሁሉ ተጨማሪ ትምህርት እንዲሰጥ ያዛል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 21 የታሰሩ ሰዎች ሰብአዊ ክብራቸው ተጠብቆ የመያዝ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እነዚህን መጥቀስ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ፈቃድ የሚያስገኘው አንቀጽ መደርደር ሳይሆን ለኃላፊው ሥራ የማያበዛ ዕቅድ ይዞ መገኘት መሆኑን አይርሱ። ቆጠራ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የጠያቂ ቀን መቼ እንደሆነ፣ ተሳታፊዎቹን ከየክፍላቸው የሚያወጣው አባል ማን እንደሆነ አስቀድመው ጠይቀው ዕቅድዎን በዚያው ልክ ይቁረጡ።

ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መልስ ማግኘት የሚገባቸው ሦስት ጉዳዮች አሉ። ደብተሮቹን ማን ያነባል? የት ይቀመጣሉ? አስተማሪው የትኛውን ነገር ሰምቶ ዝም ማለት አይፈቀድለትም? ለመጀመሪያው «ማንም አያነብም» የሚል መልስ ካላገኙ፣ ማለትም አስተዳደሩ ደብተሮቹን የመፈተሽ መብቱን ከያዘ፣ ይህንን ለተሳታፊዎቹ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይንገሩ። ለሦስተኛውም እንዲሁ፤ አንድ ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ለመጉዳት እንዳሰበ ከጻፈ የማሳወቅ ግዴታ ካለብዎት ይህንን ሳይጽፍ በፊት ሊያውቅ ይገባዋል። ሊጠብቁት የማይችሉትን ምስጢር እጠብቃለሁ ማለት በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቁ ጥፋት ነው።

ደረጃ 2፦ ተሳታፊዎችን መምረጥ

ለአንድ ዙር ከ12 እስከ 15 ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ሁሉም ተራ አግኝቶ ሊያነብ አይችልም፤ ያላነበበ ሰው ደግሞ በአራተኛው ሳምንት ይቀራል።

እዚህ ላይ ጥብቅ መሆን የሚያስፈልገው በቀጠሮ ላይ ያሉ ሰዎችን በሚመለከት ነው። ክሱ ገና እየታየ ያለ ወይም ይግባኙ ያልተቋጨ ሰው ስለ ራሱ ጉዳይ አንዲት መስመር እንዲጽፍ አይጠይቁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው፤ በማስረጃነት ሊቀርብበት የሚችል የእምነት ቃል እንዲሰጥም አይገደድም። አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠርና በራሱ ላይ እንዲመሰክር ያለመገደድ መብት ይሰጠዋል። በመልካም ልብ የተጻፈ ደብተር ነገ በፍተሻ ሊገኝና በመዝገብ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ያሉ ሰዎች መማር ከፈለጉ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ሙያቸው፣ ስለ ሰፈራቸው ይጻፉ፤ ከደረጃ 5 በኋላ ባለው ግን አይግቡ።

ሁለተኛው አደጋ አመክሮ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 መሠረት ታራሚ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት ከፈጸመ በኋላ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል፤ ለዚህም በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ማሳየቱ፣ ያደረሰውንም ጉዳት በተቻለው መጠን መካሱ ይታያል። ስለዚህ ተሳታፊዎች ትምህርቱ ለአመክሮ ይጠቅም እንደሆነ መጠየቃቸው አይቀርም፤ መጠየቃቸውም አያስነቅፍም። መልሱ አጭር ይሁን፦ መገኘታቸውን የሚገልጽ ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ ስለ ጻፉት ነገር ግን ለማንም አንዲት ቃል አይተላለፍም። ጸጸት ነጥብ የሚያሰጥ ከሆነ ሁሉም ሰው ጸጸት ይጽፋል፤ ያኔ የሚሰበስቡት ደብተር ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆንብዎታል።

የሴቶች ክፍል ለብቻው ይካሄድ። ሕፃናት ይዘው የታሰሩ እናቶች ካሉ ልጆቹን የሚይዝ ሰው ሳይመደብ ክፍሉን አይጀምሩ። ከውጭ ተማሪዎች ጋር መቀላቀል ይቻላል፤ በአሜሪካ፣ በፊላደልፊያ ከተማ፣ በቴምፕል ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 በተጀመረው አሠራር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ታራሚዎች በእኩልነት አንድ ክፍል ይማራሉ። በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ወይም በሐረማያ የሚማሩ ልጆችን ይዞ ይህን መሞከር የሚፈልግ ካለ አንድ ነገር ብቻ ልለምነው፦ ተማሪዎቹም ይጻፉ፣ ያንብቡም። ተቀምጦ የሚመለከት እንግዳ ካለ ክፍሉ መካነ አራዊት ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ጊዜ፣ ቦታና ቁሳቁስ

ድሬዳዋ ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ካልተጨረሰ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ሰው የሚያስበው ስለ ውኃ ብቻ ነው፤ ከፍ ብላ የተቀመጠችው ሐረር በዚህ ረገድ ትሻላለች። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል፣ ለ12 ሳምንት ያህል ያቅዱ፤ ዓርብን ለጁምዓ ይተዉ፤ በረመዳን ሰዓቱን ያሳጥሩ። ደብተር ሽቦና ስቴፕለር የሌለው ቢሆን በፍተሻ አያስቸግርም። እርሳስ ከእስክሪብቶ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እኔ እስክሪብቶ እመርጣለሁ፤ የተሰረዘው ቃል ከሥሩ እየታየ መቅረቱ ለደረጃ 6 ይጠቅማል።

ደረጃ 4፦ ቋንቋና ጸሐፊ

በእነዚህ ሁለት ከተሞች አንድ ክፍል ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ መስማት የተለመደ ነው። ሁሉም በሚቀለው ቋንቋ ይጻፍ፤ ሲያነብ ብቻ ጎረቤቱ ይተርጉምለት። ትርጉሙ ቢያዘግምም አይቆጭዎት፤ አንድ ሰው ያደረገውን በሁለተኛ ቋንቋው ሲናገር ከቃሉ ጋር ያለው ርቀት ይሰፋል፤ ከእናቱ በተማረው ቋንቋ ግን ማምለጫው ይጠብበታል።

ፊደል ያልቆጠሩ ተሳታፊዎችን አያግልሉ። ለእያንዳንዳቸው ራሳቸው የመረጡት አንድ ጸሐፊ ይመደብላቸው፤ ሊያፍሩበት ወይም ሊፈሩት የሚችሉት ሰው፣ በተለይም የክፍላቸው ካቦ (የታራሚዎች አለቃ)፣ ጸሐፊያቸው እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ለጸሐፊው የሚሰጠው መመሪያ አንድ ነው፤ የተባለውን ቃል እንዳለ ይጻፍ፣ አያሳምር። ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን በማረሚያ ቤት ውስጥ ጥሩ ጸሐፊ የሚባለው ለጓደኞቹ ማመልከቻ ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ስለሆነ እጁ ወዲያው «በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» ወደሚለው ይሄድበታል።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት

ስለ ወንጀል አንዳች አይጠየቅም። የመጀመሪያው ዓላማ የማመልከቻን አጻጻፍ ከእጅ ማስለቀቅ ነው። ብዙ ታራሚ ለዓመታት የጻፈው፣ ያስጻፈውም፣ ጉዳዩ፦ ተብሎ የሚጀምር ወረቀት ብቻ ነው፤ የይቅርታ ጥያቄ፣ የአመክሮ ጥያቄ፣ የዝውውር ጥያቄ። በመጀመሪያው ቀን «ስለ ቤትህ ጻፍ» ቢሉት «እኔ አመልካች የድሬዳዋ ከተማ ነዋሪ ስሆን» ብሎ ሊጀምር ይችላል። አይሳቁበት፤ ይልቁንም ጠባብ ጥያቄ ይስጡት። ጠዋት ስትነቃ መጀመሪያ የምትሰማው ድምፅ ምን ነበር? ከዚራ ያደገው ስለ ባቡሩ ፉጨት፣ መጋላ ያደገው ስለ ገበያው ጫጫታ፣ ጀጎል ውስጥ ያደገው ስለ ጠባቡ መንገድና ስለ አዛኑ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ያደገውም በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ስለመጣው ጎርፍ ይጽፋል። አንድ ድምፅ፣ አንድ በር፣ አንድ የእናት ድስት፤ በየሳምንቱ ከግማሽ ገጽ አይብለጥ።

በእነዚህ ሳምንታት አቀማመጥንም ያለማምዱ። ሁሉም በክብ ይቀመጣል፤ አስተማሪውም በዚያው ክብ ውስጥ በተመሳሳይ ወንበር ወይም ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል። አንድ ደብተር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የያዘው ይናገራል፣ ያልያዘው ያዳምጣል፣ መናገር ያልፈለገ ለቀጣዩ ያሳልፋል። አስተያየት መስጠት የሚቻለው በሁለት ዓይነት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ይህን ቦታ አየሁት» እና «እዚህ ላይ ማን እንዳደረገው አልገባኝም»። ሁለተኛዋ ዐረፍተ ነገር አሁን ተራ ነገር ትመስላለች፤ ዋናው ሥራ የሚሠራው ግን በእርሷ ነው።

ደረጃ 6፦ ግሱን መመርመር

ይህ የትምህርቱ እምብርት ስለሆነ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ያለውን ጊዜ በሙሉ ይስጡት።

አማርኛ አድራጊን መደበቅ የሚችል ቋንቋ ነው። «ተጣላን»፣ «ተወጋ»፣ «ድንጋይ ተወረወረ» ሲባል እጅ አይታይም። «ሰይጣን አሳሳተኝ»፣ «ነገር መጣ»፣ «መጠጡ ነው» ሲባል አድራጊ ይገኛል፣ ነገር ግን ሌላ ነው። «በነፍስ ገባሁ» ሲባል ወንጀሉ ድርጊት መሆኑ ይቀርና የሚገባበት በር ይሆናል። ከሁሉም የሚረቀው ግን «ብኝ» ነው። «ሰው ሞተብኝ»፣ «እጄ ላይ ጠፋብኝ» ያለ ሰው ውሸት አልተናገረም፤ ሆኖም በዚያች በአንዲት ቅጥያ የተጎዳው ሟቹ ሳይሆን ተናጋሪው ሆኗል። አባቱን ያጣ ሰው «አባቴ ሞተብኝ» ሲል ቃሉ ትክክል ነው፤ ራሱ የገደለ ሰው ሲለው ግን ቃሉ የሐዘንተኛን ቦታ ይወስዳል። ይህንን ለተሳታፊዎች ሲያስረዱ እንደ ክስ አያቅርቡት። እነዚህ አነጋገሮች ነውርን ለመሸፈን፣ ሰሚን ላለማስደንገጥ ስንል ሁላችንም የምንጠቀምባቸው ናቸው፤ በምሳሌነት ከራስዎ ሕይወት «ብርጭቆው ተሰበረ» ያሉበትን ቀን ያንሡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተሳታፊው ያደረገውን ነገር፣ ወይም ዝግጁ ካልሆነ በልጅነቱ የበደለውን አንድ ሰው፣ በአምስት ዐረፍተ ነገር ይጽፋል። በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ቀለም እያንዳንዱን ግስ ያሰምርበታል፤ ከእያንዳንዱም አጠገብ «ማን?» ብሎ ይጽፋል። በሦስተኛው ሳምንት ለ«ማን?» መልስ የሌላቸውን ዐረፍተ ነገሮች ብቻ እንደገና ይጽፋል። «እኔ» የሚለውን ቃል መደጋገም አያስፈልገውም፤ በግሱ መጨረሻ ያለችው «ሁ» ወይም «ኩ» ትበቃለች።

ከብዙ ሰዎች ጽሑፍ ተውጣጥቶ የተሠራ፣ የማንም ያልሆነ አንድ ምሳሌ ልስጥ። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

«በበዓል ሰሞን ከሰፈር ልጅ ጋር ተጣላን። ነገር ከረረ። ሰይጣን አሳሳተኝና ድንጋይ ተወረወረ። ልጁ እጄ ላይ ጠፋ። እነሆ በነፍስ ገብቼ ስምንተኛ ዓመቴ ነው።»

በክቡ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ነገር ከረረ ሲባል ማን ምን አለ? ድንጋዩ ከየት ተነሣ? ያኔ የልጁ ፊት ወደ የት ነበር? አስተማሪው መልሱን በቃል አይቀበልም፤ «ጻፈው» ይላል። የዚህ ደረጃ አራተኛ ሳምንት ረቂቅ ይህ ነው፦

«መቶ ብር አበድሬው ነበር። ሰው ፊት ጠየቅሁት፤ ሳቀ። ዳቦ ለእናቱ ይዞ ነበር። ትቶኝ ሲሄድ ከቦዩ ዳር ድንጋይ አነሣሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ወረወርኩ። ሮጬ ስደርስ ዳቦው መንገድ ላይ ነበር፤ እኔ ያየሁት ዳቦውን ነው።»

በሁለተኛው ረቂቅ ውስጥ «ተጸጸትኩ» የሚል ቃል የለም፤ አያስፈልግምም። «ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር» የሚለው ከሦስተኛው ጥያቄ የወጣ ነው፤ የመጀመሪያው ረቂቅ በሙሉ የተሠራው ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ላለመጻፍ ነበር ማለት ይቻላል። «ዳቦ ለእናቱ ይዞ ነበር» የሚለው ደግሞ ሟቹን እንደገና ሰው ያደርገዋል፤ ከኋላውም እናት እንዳለች ጸሐፊው ሳይነገረው አስገብቷታል። አስተማሪው እዚህ ላይ አድናቆት ማዥጎድጎድ የለበትም። «አየሁት» ብሎ ደብተሩን ወደ ቀጣዩ ሰው ማሳለፍ ይበቃል።

ጥንቃቄዎቹም የሚከተሉት ናቸው። «አልሠራሁትም» የሚል ሰው ካለ አይከራከሩት፤ ፍርድ ቤት የሚሳሳትበት ጊዜ አለ፤ አስተማሪም ይግባኝ ሰሚ አይደለም፤ በሕይወቱ የበደለውን ሌላ ሰው ይጻፍ። እጁ የተንቀጠቀጠ፣ ድምፁ የጠፋ ሰው እንዲቀጥል አይገፉት፤ ክፍሉ ከመበተኑ በፊት ወደ ድምፅና ወደ ድስት ጽሑፍ መልሱት፤ በማረሚያ ቤቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የጤና ሠራተኛ ካለ በዚያ ቀን በግቢው ውስጥ እንዲገኝ አስቀድመው ይስማሙ። ራሱ በልጅነቱ የተደበደበ፣ የተደፈረ ወይም ከቤት የተባረረ ብዙ ሰው ይገጥምዎታል፤ ያም መጻፍ አለበት፤ ነገር ግን በሌላ ገጽ ላይ ይሁን፤ በአንድ ገጽ ከገቡ የመጀመሪያው የሁለተኛው ሰበብ ሆኖ ይነበባል። በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በሐረሪ የሚጽፉ ተሳታፊዎችም የየቋንቋቸውን መደበቂያ ራሳቸው ፈልገው ለክፍሉ ያስረዱ፤ ይህ ሰዓት ብዙ ጊዜ ከሁሉም በላይ ሳቅ የሚበዛበት ነው።

ደረጃ 7፦ የተጎዱትን መቁጠር

ተሳታፊው በአንድ ባዶ ገጽ መካከል በቀጥታ የጎዳውን ሰው ስም ይጻፍ፤ ከዚያ ዙሪያውን ጉዳቱ የደረሰባቸውን ሁሉ ያስፍር። የሟች እናት፣ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ የገባ ታናሽ ወንድም፣ ለምስክርነት የተመላለሰች ጎረቤት፣ የገዛ ልጆቹ፣ ስንቅ ስታመላልስ ጉልበቷ ያለቀ ሚስት። ከእያንዳንዱ ስም ሥር «ምን ያስፈልገዋል?» ለሚለው መልስ ይጻፍ። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጽፈው «ካሳ» ወይም «ይቅርታዬን» ነው። ክፍሉ ትንሽ ከቆየበት ግን ሌላ መልስ ይመጣል፤ የሟች ቤተሰብ የመጨረሻ ቃሉ ምን እንደነበር ማወቅ ሊፈልግ ይችላል፤ የተሰረቀችው ሴት ለምን የእሷ ቤት እንደተመረጠ ማወቅ ትፈልግ ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ የአጥፊውን ስም ዳግመኛ አለመስማትን ይፈልጋል። የመጨረሻው ፍላጎት እንደማንኛውም ሊከበር የሚገባው ነው።

«ግዴታው የማን ነው?» የሚለውን ሲያደርሱ የሕጉን ወሰን ያስረዱ። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስቀጡ ወንጀሎች ዕርቅ ክስን ሊያስቀር ይችላል፤ ከዚያ ውጭ ግን ዕርቅ ፍርድን አይሰርዝም። ታራሚው ከውስጥ ሆኖ ሊያደርገው የሚችለውን ትንሽ ነገር ይዘርዝር፤ በሽመና ወይም በእንጨት ሥራ ከሚያገኘው ላይ የሚከፍለው ካሳ፣ ያልተነገረ እውነት፣ ከተፈታ በኋላ የማይረግጠው መንገድ።

ደረጃ 8፦ የማይላከው ደብዳቤ

በዘጠነኛው ሳምንት ገደማ ተሳታፊዎች ለተጎጂው ደብዳቤ ይጽፋሉ። ሲጀምሩ ከልማድ የተነሣ «ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» የሚሉ አይጠፉም፤ ይህ ለተጎጂ ቤተሰብ ሲነበብ ምን እንደሚመስል ክፍሉ ራሱ ይናገር። ደብዳቤው ያደረገውን ይናገር፣ ሰበብ አያቅርብ፣ ይቅርታም አይጠይቅ። ይህ ያስገርም ይሆናል። «ይቅር በለኝ» ማለት ለተጎጂው ሥራ መስጠት ነው፤ አልልም ቢል ደግሞ ክፉ የሚባለው እርሱ ይሆናል።

ደብዳቤው አይላክም። ይህንን ደንብ ያወጣሁት ከገዛ ጥፋቴ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ማረሚያ ቤት ሳስተምር አንድ ተሳታፊ በጽሑፉ ስላስደነቀኝ ደብዳቤውን በዘመድ በኩል ወደ ሟች ቤት እንዲደርስ ፈቀድኩ። የደረሰው በሙት ዓመቱ ሳምንት ነበር። እናትየው አንብባ ጨርሳ ላመጣው ሰው «ይህን የጻፈው ለእኔ ነው ለዳኛው?» ብላ ጠየቀች፤ እሱም የሚመልሰው አጣ። እኔ ማንንም አልጠየቅሁም፤ ስሜቴን ብቻ አምኜ ፈቀድኩ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ የሚንቀሳቀሰው ተጎጂው ራሱ፣ ማንም ሳይገፋው፣ ልስማ ካለ ብቻ ነው፤ ጥያቄውንም የሚያቀርብለት ከአጥፊው ወገን ያልሆነ፣ «አይሆንም» ሲባል ሁለተኛ የማይመለስ ሰው ነው። በአስገድዶ መድፈርና በቤት ውስጥ ጥቃት ጉዳዮች ደግሞ ሽማግሌ መላክም ሆነ ፊት ለፊት ማገናኘት ጨርሶ አይታሰብ፤ በእነዚህ ጉዳዮች ሽምግልና ተጎጂዋን ወደ አጥፊዋ የመመለሻ መንገድ ሆኖ ሲያገለግል ብዙ ታይቷል።

ደረጃ 9፦ ከተፈቱ በኋላ

የወጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚፈልገው ብዕር ሳይሆን መታወቂያ፣ ማደሪያና የቀን ሥራ ነው። ስለዚህ ቡድኑን በወር አንድ ጊዜ ብቻ ይሰብስቡ፤ የትራንስፖርት ገንዘብ ይሸፍኑ፤ የሚገናኙበት ቦታም ፖሊስ ጣቢያ ወይም ቀበሌ ጽሕፈት ቤት አጠገብ አይሁን። ከዚራ ዛፎች ሥር ያለ ሻይ ቤት ከማንኛውም አዳራሽ ይሻላል። ደም ያልደረቀ ከሆነ ግን የተፈታው ሰው ወደ አንዳንድ ሰፈሮች መሄድ እንደማይችል፣ የሟች ወገኖችም በዚያ ሊያልፉ እንደሚችሉ አስቀድመው ይጠይቁ። በሐረር አፎቻ (የሐረሪዎች የመረዳጃ ማኅበር)፣ በድሬዳዋ ዕድር የተመለሰን አባል የመቀበል አቅም አላቸው፤ ወደ እነርሱ የሚቀርበው ግን ራሱ ሰውየው ነው፤ አስተማሪው ታሪኩን ይዞ አይቅደም።

ጽሑፎቹን በአደባባይ ማንበብ ወይም ማሳተም የሚፈልጉ ይኖራሉ። የተጎጂውን ስም፣ ሰፈር፣ ቀን፣ ሌላም የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ ያውጡ፤ ድሬዳዋ ትንሽ ከተማ ናት፤ «ዳቦ ይዞ ነበር» የሚለው ብቻውን ሊያሳውቅ ይችላል። ጥርጣሬ ካለ አይነበብ። ጋዜጠኛ ቢመጣ ስለ ትምህርቱ ይናገሩ እንጂ ተሳታፊ አያቅርቡለት።

ደረጃ 10፦ ደብተሮቹን መመለስ

ዙሩ ሲያልቅ ደብተሩን ለባለቤቱ ያስረክቡና ሦስት ምርጫ ይስጡት፤ ይዞት ይቆያል፣ ሲፈታ እንዲወስደው በተቆለፈ ሣጥን ይቀመጥለታል፣ ወይም እዚያው ፊትዎ ይቀደዋል። ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት የሚዛወር ሰው ካለ ይህንን ከዝውውሩ በፊት ይጠይቁት፤ በበር ፍተሻ ላይ ደብተሩ በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ቅጂ አያስቀሩ፤ በስልክም ፎቶ አያንሡ። እቀደዋለሁ ካለ ሌላው ሰው ደብተሩን እንዳይወስድበት ይጠብቁለት፤ ገጾቹን ሲቀድ ግን አያግዙት።